የዘሀራ በርጩማ

ዘሀራ መሞቷን የሰማሁት ጎብዬ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። እናቴ ደወለችና «መሲ፣ ዘሀራን አጣናት» ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። እናቴ የገዛ እህቷ ስትሞት እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አልሰማኋትም። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ቆቦ እስክደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ደጃፏ ስደርስ ግን እንባዬ ደረቀ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጧል። ባጃጆች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ ሥራቸውን ትተው ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዱ «አላህ ይዘንላት»፣ ሌላው «ነፍስ ይማር» እያለ ይገባል ይወጣል። ከእሷ ጫጩት የወሰዱ የሮቢት ገበሬዎች፣ ሻይ የምትሸጥላት ልጅ፣ ከቆላ ፍየል ይዘው የሚመጡ የአፋር ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩና ያሰብኩትን ልናገር፤ እኔ የሞትኩ ዕለት የዚህ ሰው ሩቡ ይመጣ ይሆን? ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ወይ አትበሉኝ። እኔ ቀናሁ። በሕይወት ሳለችም ስቀናባት ነው የኖርኩት፤ ሞተች ብዬ ልማዴን አልተውኩም።

ከዘሀራ ጋር የተዋወቅነው የእንስሳት እርባታ ስንማር ነው። በትምህርት እበልጣት ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኧረ ለመኩራራት ነው፣ ሌላ የምኩራራበት የለኝም። እሷ ፈተና ሲደርስ አጠገቤ ትቀመጥና እንዳስረዳት ታደርጋለች፣ ስትስቅ ስታስቀኝ አድራ ታልፋለች። ተመርቀን ሁለታችንም ወደ አገራችን ወደ ቆቦ ተመለስንና ሐጂ ይመር ዘንድ አብረን ተቀጠርን።

ሐጂ ይመር ከአስፋልቱ ዳር የነበራቸውን የእህል መጋዘን ወደ ጫጩት ማሳደጊያ የቀየሩ ሰው ናቸው። የአንድ ቀን ጫጩት ከመሀል አገር በካርቶን ይመጣልናል፤ ላባ አውጥቶ ራሱን እስኪችል እናሳድግና ለገበሬው እንሸጣለን። አዳራሹ የብሎኬት ነው። በአንደኛው ጫፍ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ እሳት የሚነድበት በርሜል አለ። ቬንትሌተር ከደጅ ንጹሕ አየር እየሳበ በጋለው በርሜል ዙሪያ ያሳልፍና በላሜራ ቱቦ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በሌላኛው ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የታፈነው አየር የሚወጣባቸው መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ ደጅ ነፋስ ሲነሣም በእነሱ ሽው እያለ ይገባል። ሐጂ ይህን ሲያሠሩ ከተማው ሳቀባቸው። ቆቦ ላይ ማሞቂያ! ገንዘብ ቢተርፋቸው ፀሐይን ሊያሞቁ ነው ተባለ። የሳቀው ሰው ሁሉ በታኅሣሥ ማለዳ ከላስታ በኩል የሚወርደውን ነፋስ ረስቶት ነው። ቀን በላብ የሚያጠምቀን አገር ማለዳ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ላባ ያላወጣ ጫጩት ደግሞ ይህን አይችልም።

የማሞቂያው ነገር ቀላል ነው። አየር የሚወጣበት ካላገኘ አይገባም። መተንፈሻዎቹን የዘጋሽ እንደሆነ ሙቀቱ እሳቱ አጠገብ ይቀራል፣ ወዲያኛው ጫፍ ይበርዳል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ጫጩቱም አንድ ጥግ ተደራርቦ አፉን ከፍቶ ይሞታል። ይህን እኔም ዘሀራም እኩል እናውቃለን፤ ከአንድ መምህር ነው የተማርነው። ችግሩ ማወቁ ላይ አልነበረም። ችግሩ እኛ አገር ነፋስ ጠላት መሆኑ ነው። ወገቡን ያመመው ነፋስ መትቶት ነው፣ ፊቱ የተጣመመው ነፋስ መትቶት ነው፣ ያስነጠሰውማ አይነሣ። በሐሩር እንኳ የሚኒባስ መስኮት ዘግተን በላባችን የምንቀቀል ሕዝብ ነን። እንዲህ ያለውን ሰው በታኅሣሥ ማለዳ ቀዳዳ ክፈት ብለሽ እስኪ ሞክሪ።

እኔ ሞከርኩ። እሳቱን የሚያነዱትና አዳራሹን የሚጠብቁት እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው በላይ ጠምጥመው ከዓይናቸው በቀር ሌላ የማይታይ ባልቴት ናቸው። ማለዳ ስገባ መተንፈሻዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቀው አገኛለሁ። እከፍታለሁ። ዞር ስል ይጠቀጠቃሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚሠሩትን ሴቶች ሰብስቤ በከሰል ግድግዳው ላይ ሥዬ አስረዳሁ፤ ይህ የአየር መግቢያ፣ ይህ መውጫ አልኩ። ሁሉም እሺ አሉ። «እሺ» የሚባለውን ቃል የመሰለ ግንብ በዚህ ዓለም ላይ የለም። በማግስቱ ከረጢቱ እንደ ተጠቀጠቀ ነው። ተቆጣሁ፣ ከደመወዛችሁ አስቀጣችኋለሁ አልኩ። ኋላ እንደ ሰማሁት ከእኔ ጀርባ «ብርዷ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ዘሀራ በዚያ ሰሞን ወንድሟን ልትድር ፈቃድ ወስዳ ነበር። ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት ስለነበራት ሳቋ ትንሽ ያፏጫል። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና በርጩማ አንሥታ ሄዳ ከመተንፈሻው ሥር፣ ነፋሱ ማጅራት የሚመታበት ትክክለኛው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ከረጢቶቹን በእጇ አወጣቻቸው። ምሳዋን፣ የማሽላ ንፍሮ ነበር፣ ፈታችና መብላት ጀመረች። እትዬ ብርቄ ከሩቅ ሆነው፣ ልጄ ተነሺ ይመታሻል አሏት።

«አብሽሪ እትዬ» አለች ዘሀራ፤ «እኔን ገድሎ ሲጨርስ ትዘጊዋለሽ። እስከዚያ ነይ ንፍሮ ብዪ፤ በጀርባዬ እከልልሻለሁ።»

እትዬ ብርቄ ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ መጥተው ከዘሀራ ፊት፣ ነፋሱ ከማይደርስበት ተቀመጡ። በማግስቱ ሌሎቹም መጡ። ሳምንት ሳይሞላ የአዳራሹ ጨዋታ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ሥር ሆነ። ዘሀራ አንዲት ላባ በክር አስራ መተንፈሻው ላይ አንጠለጠለች፤ አየሩ በደንብ ሲወጣ ላባዋ ወደ ውጭ እየተሳበች ትንቀጠቀጣለች። «ላባዋ ካልጨፈረች ምሳ የለም» የሚል ሕግ አወጣች። ሴቶቹ ላባዋን ለማስጨፈር ሲሉ ከረጢት የሚባል ነገር ረሱ። እኔ በከሰል የሣልኩት ሥዕል ግድግዳው ላይ ነበር፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ቅናቴ ይህ ነው። ቁንጅናዋ አይደለም፣ ደግሞ ብዙም ቆንጆ አልነበረችም። እኔ ስናገረው ቁጣ የሚሆነው ቃል እሷ አፍ ውስጥ ሲገባ ጨዋታ ይሆናል። ያንኑ ቃል! እኔ በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር ቢኖር አንድ ቀን ተናግሬ መሰማት ነበር። ለእሷ ግን ይህ ነገር ሳትለምነው እንደ ዝናብ ይወርድላታል።

አንድ ቀን ከሮቢት ስንመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። መስኮቱ ዳር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አባባ ትንሽ ይክፈቱልን ብዬ ለመንኳቸው። ልጄ ነፋስ ልታስመቺን ነው ወይ አሉኝ፤ መኪናው በሙሉ ተባበራቸው፣ ረዳቱ ጭምር። ዘሀራ ቀስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት በመዳፏ መታ አደረገች። ነገር ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

«አባባ፣ ቤትዎ እሳት ሲነድ ጢሱ በየት ይወጣል?»

«በጣሪያው ነዋ።»

«እኛም እንደ ጢሱ ታፍነናል፤ እባክዎ ያስወጡን።»

መኪናው ሳቀ። ሽማግሌው መስኮቱን ከፈቱና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፣ አያቷን ያውቋቸው ኖሯል፣ እስከ ቆቦ ሲመርቋት መጡ። ነፋሱ ለእኔም ደረሰኝ፤ ምርቃቱ ግን የእሷ ነበር። በሌላ ቀን እኔም የእትዬ ብርቄን ጉልበት በመዳፌ መታ አድርጌ ነገር ልጀምር ስል «ምነው፣ ቁንጫ አየሽ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሰው ጉልበት ነክቼ አላውቅም።

እንዲህ ስላት ግን ጻድቅ እንዳትመስላችሁ። ታረፍዳለች። ሻሼን ትዋስና የእሷ መሆኑን አምና ለሌላ ሰው ታውሰዋለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ወንፊቱን ትረሳለች። ቬንትሌተሩ አየር በሚስብበት አፍ ላይ ሽቦ ወንፊት አለ። ጤፍና ማሽላ በሚወቃበት ሰሞን የራያ ሜዳ ሁሉ አውድማ ነው፤ ገለባው በነፋስ ይነሣና መጥቶ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ካልተጠረገ ማሞቂያው ይታፈናል፣ እዚያ ማዶ ያለችው ላባም አትጨፍርም። ዘሀራ ነገ እጠርገዋለሁ ትላለች፤ የዘሀራ ነገ ደግሞ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከሕንፃው ጀርባ ነፋሱ ፊት ቆሜ፣ በመጥረጊያ ገለባውን የማራግፈው እኔ ነበርኩ። እንቁላሉን የምጥለው እኔ፣ የምታሽካካው እሷ።

ይህን አላወቀችም እንዳልል ታውቃለች። አንድ ቀን ሐጂ ይመር ከገበሬዎች ጋር አዳራሹን ሲያዩ በሁሉም ፊት ክንዴን ይዛ፣ መሲ ባትኖር እነዚህ ሁሉ ታፍነው ያልቁ ነበር፣ ወንፊቱን የምትጠርገው እሷ ናት አለች። ደስ ሊለኝ ሲል አንዱ ገበሬ እሷን አየና «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሥራ የማትደብቂ፣ እንዴት ያለሽ ቅን ነሽ!» አላት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔን አመሰገነችኝ፤ ሰውም እሷን አመሰገነ። ወር ሳይቆይ ሐጂ የአዳራሹ ኃላፊ አደረጓት። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ቤቴ ገብቼ እናቴ ያቀረበችልኝን እራት ሳልነካ ተኛሁ። እናቴ ምን እንደሆንኩ ጠይቃ ስትረዳ፣ ይገባታል እኮ፣ ሰው ትወዳለች አለችኝ። እናቴ!

ዘሀራ ባለፈው ክረምት ታመመች። ፊቷ ማበጥ ጀመረ፣ ከዚያ እግሯ። ደሴ ሐኪም ቤት ስትመላለስ አንድ ጊዜ እኔ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ኩላሊቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጎዳ መሆኑን፣ እስካሁን ሳይታወቅ መቆየቱን ሲነግረን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ መተንፈሻዎቹ ክፍት ናቸው ወይ የሚል ነበር። ክፍት ናቸው አልኳት። ጉልበቴን መታ አደረገች።

«እታለም፣ እኔ ስሄድ መሲን ማን ይሰማታል ብዬ ሰግቼ ነው እኮ።»

የምትሞት ሰው ናትና ፈገግ አልኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ከእሷ ጋር ተጣላሁ። ማን ይሰማታል! እውነቷን ስለነበረ ነው የተናደድኩት።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየደቁ «ያ ነፋስ ነው፤ ያ ነፋስ ነው ልጄን የበላት» አሉ። ኩላሊት የሚመታው ብርድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከማጅራቷ ገብቶ ኩላሊቷን መታት ተባለ፤ ሴቶቹ ሁሉ እውነት ነው አሉ። ሐኪሙ ያለውን ብናገር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ የኩላሊቷን ጣጣ ለምስኪኑ ነፋስ አሸከሙት።

ወደ ሥራ ስመለስ መተንፈሻዎቹ ተደፍነዋል። በከረጢት ብቻ አይደለም፤ በጭድና በጭቃ ጭምር ተመርገዋል። በርጩማዋን ወስደው መኖ ቤት ውስጥ ገልብጠው ከግድግዳ ጥግ አስቀምጠውታል። ላባዋ በክሯ ብትንጠለጠልም ንቅንቅ አትልም። ሐጂ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ አዝነው ነበር፤ ተዪአቸው አሉኝ፣ ሴቶቹ ፈርተዋል፣ ጫጩት ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም። ቀጥለው ግን፣ አሁን የሚመጣው ዙር ከሞተብኝ እኔም በቃኝ፣ አዳራሹን መልሼ ማሽላ እከምርበታለሁ አሉ። ይህ ማለት እኔም ሴቶቹም እንጀራችን ተቋረጠ ማለት ነው፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ የሟች ልጃቸውን ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ሥራ ነው።

ጫጩቶቹ መጡ። ብርዱም አብሯቸው መጣ። አንድ ማለዳ ወንፊቴን ጠርጌ በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። ከእሳቱ ወዲያ ያለው ግማሽ አዳራሽ ባዶ ነው፤ ጫጩት ሁሉ በአንድ ጥግ ተደራርቦ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ከሥር ያሉት ሞተዋል። እትዬ ብርቄ እሳቱን ጨምሬበታለሁ እኮ፣ ምን ሆነው ነው እያሉ ያለቅሳሉ። ሌሎቹ ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል።

መኖ ቤት ገብቼ በርጩማውን አመጣሁ። ከመተንፈሻው ሥር አስቀመጥኩት። ዘሀራ ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩና አንድ ቀልድ ሞከርኩ፤ ምን እንደነበረ አሁን አልናገርም። የሳቀ የለም። አንዷ እንዲያውም አማተበች። ከዚያ ቀልዱን ተውኩት፤ የኔ አይደለም።

«እትዬ ብርቄ፣ ነፋሱ ከሁሉ የሚበረታው የት ነው?»

«ወንፊቱ ጋ ነዋ።»

«በየማለዳው ወንፊቱ ጋ የሚቆመው ማነው?»

እትዬ ብርቄ አዩኝ። «አንቺ» አሉ።

«ዘሀራ እኮ ሰው ሁሉ ከሞቀው በኋላ ነበር የምትመጣው። ነፋስ ሰው የሚገድል ቢሆን ቀድሜ የምሞተው እኔ አልነበርኩም? በነፋስ መሞቱን እንኳ ለእሷ ሰጣችሁብኝ?»

ይህን ያልኩት ለማሳቅ አልነበረም። ጉሮሮዬ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ነገር ነው የወጣው። ከዚያ ከጋቢው ውስጥ የእትዬ ብርቄ ሳቅ ተሰማ። ጋቢው ከጆሯቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው ይወርድ ነበር። በሩ ላይ የቆሙትም ሳቁ። «እውነቷን እኮ ነው» አለች አንዷ፣ «ይቺ ልጅ እስካሁን መሞት ነበረባት።» ሳቁ ሳያልቅ እትዬ ብርቄ መጥረጊያውን በእንጨቱ በኩል ያዙና የመጀመሪያውን መተንፈሻ ጭቃ መነደል ጀመሩ።

ሁሉም ሲከፈት ላባዋ መጀመሪያ ዞር አለች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ተሳበችና መጨፈር ጀመረች። ሙቀቱ በቱቦው ሥር እየተጎተተ ወደ ማዶ ሲሄድ በእጅ ይዳሰስ ነበር። ፀሐይ ጠንከር ስትል ጫጩቶቹ ከጥጋቸው ተበትነው መሬቱን ሞሉት፤ የተረፉት ተረፉ፣ ብዙ ነበሩ። ሐጂ መጥተው አይተው ሄዱ። ማሽላው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ እንደ ዱሮው ንፍሯቸውን ይዘው መጡና ከበርጩማው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በርጩማውን ለእኔ ነው የተዉልኝ። «ዘሀራ ይህን ብትሰማ እንዴት ትስቅ ነበር» አሉ እትዬ ብርቄ። በዚህች ቀን እንኳ ሳቁ የእሷ ነው ብዬ ጨስ አልኩ። ጨስ እያልኩም ተቀመጥኩ።

ደጅ ፀሐይ ቢወጣም ነፋሱ ቀዝቅዞ ማጅራቴን መታው። ወንፊቱ ጋ የማውቀው ነፋስ አይደለም፤ እዚያ ሥራ እየሠራሁ ነው፣ ሰውነቴ ይሞቃል። እዚህ ግን ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ በአንገትሽ ገብቶ አከርካሪሽን ተከትሎ ይወርዳል፤ እያወራሽ፣ እየበላሽ፣ ሌላውን እየከለልሽ። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ዘሀራ በዚህ ቦታ ላይ ስንት ክረምትና በጋ ተቀምጣ ስታወራ አይቻታለሁ፤ አንድ ቀን ትከሻዋን ሰብሰብ ስታደርግ፣ አንድ ቀን ሻሿን ወደ አንገቷ ስትስብ አላየሁም። ለካ ይበርዳል። ለካ እየበረዳት ነበር።

እትዬ ብርቄ ንፍሯቸውን እያኘኩ ቀና ብለው አዩኝ።

«በረደሽ እንዴ?»

«ኧረ አልበረደኝም» አልኳቸው።